'ስ የት ላይ ትለጠፍ?

በእንግሊዝኛ «ዘ ኪንግ ኦቭ ስፔይን'ስ ዶተር» (የስፔይን ንጉሥ ልጅ) ሲባል፣ ልጅቷ የንጉሡ ሆና ሳለ ባለቤትነት የምታሳየው 'ስ ለምን ስፔይን ላይ ተለጠፈች ብለህ የጠየቅከው ወንድሜ፣ ጥያቄህ ልክ ነው። እኔም እዚችው ላይ ተሰናክያለሁ።

አሜሪካ እንደመጣሁ አንድ አፓርታማ ፓርኪንግ ውስጥ እሠራ ነበር። አንድ ቀን የ304 ቁጥሩ ሰውዬ ቁልፍ ከሰሌዳው ላይ ጠፋ። ባለቤቱ ሰውዬው ነው ብዬ 'ስን እሱ ላይ ለጠፍኩና ለባልደረባዬ በሬዲዮ «ዘ ጋይ'ስ ኢን 304...» ብዬ ጀመርኩ። እሱ የሰማው «ሰውዬው 304 ውስጥ ነው» የሚል ነው፤ ለካ «ጋይ'ስ» ማለት «ጋይ ኢዝ»ም ይሆናል። «እሺ፣ ቤቱ ካለ ምን ቸገረህ?» አለኝ። ሰውዬው ግን ፊቴ ቆሞ ሰዓቱን ያያል! ማለት የነበረብኝ «ዘ ጋይ ኢን 304'ስ ኪይስ» ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። 'ስ የምትለጠፈው በሙሉ ሐረጉ ላይ ነው፤ ሐረጉ ያለቀበት ቃል ምንም ይሁን ምን እዚያ ትቀመጣለች። «ሰምዋን ኤልስ'ስ ኮት» (የሌላ ሰው ኮት) ይሉ የለ? «ኤልስ» እኮ ስም እንኳን አይደለም። በድሮው እንግሊዝኛ ቅጥያው የሚጣበቀው ከባለቤቱ ስም ጋር ነበር፣ ወደ ሐረጉ ጫፍ የሄደው በኋላ ነው።

ደግሞ እኛም ከዚህ ብዙ አንርቅም። «የጎረቤቴ ልጅ ደብተር» በል እስቲ። ደብተሩ የልጁ ነው፣ «የ» ያለችው ግን ጎረቤቴ ላይ ነው። አንዷ ለጎረቤት፣ አንዷ ለልጁ ብለን «የየጎረቤቴ ልጅ» ማለት ነበረብን፤ ሁለቱ ሲገጥሙ አንዷ ትዋጣለች። እኛ ሐረጉን ከፊት እንይዘዋለን፣ እነሱ ከኋላ።

አማት ላይ ተጠንቀቅ። ሁለት አማቶች «ማዘርስ ኢን ሎው» ናቸው፣ የብዙ ቁጥሯ ኤስ እናት ላይ ትቀራለች። የአንዷ አማት ቤት ግን «ማዘር ኢን ሎው'ስ ሀውስ» ነው። ድምፃቸው አንድ፣ ሥራቸው ለየቅል።

ሲያጠራጥርህ ሐረጉን ሙሉ በሙሉ አንስተህ በቦታው «ሂዝ» (የእሱ) ወይም «ሀር» (የእሷ) አስገባ። «ሂዝ» የዋጠው ሁሉ አንድ ባለቤት ነው፣ 'ስን መጨረሻው ላይ አድርግ። የጋራ ቤት ከሆነም «ጆን ኤንድ ሜሪ'ስ ሀውስ» ብለህ አንዴ ትለጥፋለህ፤ ቤታቸው የተለያየ ከሆነ ለሁለቱም።

«ዘ ማን አይ ሜት የስተርዴይ'ስ ካር» (ትናንት ያገኘሁት ሰውዬ መኪና) የሚለው በአፍ ያስኬዳል፣ ደብዳቤ ላይ ግን «ኦቭ» ብለህ ብትፈታው ይሻልሃል። «ማይ ዋይፍ ኤንድ አይ'ስ» (የእኔና የሚስቴ) የሚለውን ግን ጭራሽ አትጻፈው፣ «አወር» (የእኛ) በልና ተገላገል።