ጓርኒሲዮኑ በዓመት ሁለቴ የተቀየረ ፔጆ 504 ስንት ያወጣል?

ከሀዋሳ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ጥያቄህ ግልጽ ነው። ፔጆ 504 ስቴሽን ዋገን፣ ባለ ሦስት ረድፍ ወንበር፣ የቤንዚን ሞተር፤ ሻጩ 700 ሺ ብር ጠርቶባታል፤ «ተገቢ ዋጋዋ ስንት ነው?» ብለሃል። ቀለሟ ገና ትኩስ ነው፣ ልታያት ስትሄድ ሞተሩ ተነስቶ ጠበቀህ፣ ከኋላ በግራ በኩል ዝቅ ብላለች። ሻጩም ሊያበረታታህ «ጓርኒሲዮኑ አዲስ ነው፤ ዘንድሮ ብቻ ሁለቴ ቀይሬዋለሁ» አለህ።

እኔን ያስቆመኝ ይህ የመጨረሻው ነው። ጓርኒሲዮን በሞተሩ ብሎክና ከላዩ በሚታሰረው ክዳን፣ በቴስታታው፣ መሀል የሚገባ ማሸጊያ ነው። በአንድ ዓመት ሁለቴ ጓርኒሲዮን የተቀየረለት ሞተር ችግሩ ጓርኒሲዮን አይደለም። መኪናዋን ባላያትም የምጠረጥረው አንድ ነገር ነው፤ የሲሊንደር ቱቦዎቿ ከመቀመጫቸው ተነቃንቀዋል። ዋጋውንም ከዚህ ተነስተን ነው የምንሠራው።

የ504 የቤንዚን ሞተር ብሎኩ ብረት፣ ቴስታታው አሉሚኒየም ነው። ፒስተኑ የሚመላለስበት ቱቦ ከብሎኩ ጋር አብሮ የተቀረጸ ሳይሆን ለብቻው ተሠርቶ ከላይ የሚገባ ነው። ብርጭቆ በባልዲ ውሃ ውስጥ ብታቆም ውሃው ዙሪያውን እንደሚነካው ማለት ነው። ታች ከብሎኩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ውሃው ከሞተሩ ስር ወዳለው የዘይት ማጠራቀሚያ፣ ወደ ዘይት ኮፓው፣ እንዳይወርድ የሚያግድ ቀጭን ቀለበት አለ። ላይ ደግሞ የቱቦው አንገት ከብሎኩ ፊት በጥቂት መቶኛ ሚሊሜትር ከፍ ብሎ መቅረት አለበት። የጸጉር ውፍረት የምታህል ከፍታ ናት። ቴስታታው ሲጠብቅ ጓርኒሲዮኑን ቆንጥጣ የምትይዘው እሷ ናት።

አሁን ቴስታታው ሲወርድ የሚሆነውን አስብ። ቱቦውን ከላይ የሚጫነው ነገር የለም። ሞተሩን ካዞርከው ፒስተኑ ወደ ላይ ሲመጣ ቱቦውን ይዞት ይነሳል። ስለዚህ ቱቦዎቹ በብሎንና በሰፊ ዋሸር ታስረው መቆየት አለባቸው። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ ሳያስር ያዞረዋል፤ ቱቦው ይነቃል፣ ከስሩ የዝገት ፍርፋሪ ይገባል፣ የታችኛው ቀለበት ይበላሻል። ከዚያ በኋላ አራቱ ቱቦዎች እኩል አይቆሙም። በላዩ አዲስ ጓርኒሲዮን ብትጭን ሁለት ሦስት ወር ይይዝና በሰመጠው ቱቦ በኩል ይቃጠላል። የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ውሃው ይገባል፣ ውሃው ተገፍቶ ይወጣል፣ ሞተሩ ይግላል፣ አሉሚኒየሙ ይጣመማል። ያኔ ቴስታታው ቶርኖ ቤት ሄዶ ፊቱ ይላጋል፤ ቱቦዎቹን ግን የሚለካ የለም። በእኛ ከፍታ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ሀዋሳ ላይ ክዳን የሌለው ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ፣ አዲስ አበባ ላይ በ92 ገደማ ይፈላል። ጋዝ የሚገፋው ራዲያተር እዚህ ጊዜ አይሰጥም።

አንዲት ነጭ 504 ሦስት ጋራዥ አልፋ በተጎታች እኔ ዘንድ መጥታለች። ቴስታታውን ሳወርደው ቀይ ሲሊኮን ከየጠርዙ እንደ ማስቲካ ተንጠልጥሏል። የተረፈው ወደ ውስጥ ገብቶ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቧንቧዎች ደፍኗል። ጓርኒሲዮኑ የአምራች ስም የሌለበት፣ በጣት ሲታጠፍ የሚሰነጠቅ ወረቀት ነበር። አውራ ጣቴን ከብሎኩ ወደ ሁለተኛው ቱቦ ሳሻግረው ጥፍሬ ወደ ታች ወረደ። ባለቤቱ ሦስት ጊዜ የእጅ ዋጋ ከፍሏል፤ ያን ጉድጓድ ግን ማንም አላሳየውም። እንዲህ ያለው ሥራ ያናድደኛል።

ያንተን ለማረጋገጥ መኪናዋን ስትቀዘቅዝ ማግኘት አለብህ። የራዲያተሩን ክዳን ክፈት፤ ውሃው ቡናማ ከሆነ ለዓመታት ዝገት መከላከያ አልገባበትም ማለት ነው። ክዳኑን መልሰህ አስነሳና የላይኛውን ማኒኮቶ (ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን የውሃ ጎማ) በእጅህ ያዘው። ሞተሩ ገና ሳይሞቅ በአንድ ደቂቃ ውስጥ እንደ ተነፋ ጎማ ከጠነከረ ጋዝ እየገባ ነው። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጣ፤ ዘይቱ ወተት የገባበት ሻይ ከመሰለ የታችኛው ቀለበት ሄዷል። ኮምፕሬሽን መለኪያ (የሲሊንደር ግፊት የሚለካ) ካለህ አራቱንም ለካ፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ዝቅ ካሉ ጓርኒሲዮኑ በመሀላቸው ተቃጥሏል። ቴርሞስታቱ፣ የውሃውን መንገድ እንደ ሙቀቱ የሚከፍትና የሚዘጋው፣ በቦታው መኖሩንም እይ። ሙቀቱን ለመደበቅ አውጥተው ይጥሉታል፤ ሀገረ ሰላም ዳገት ላይ ግን አይደበቅም።

ሞተር ግን ተጠግኖ ይድናል። ዋጋውን የሚገድለው ቦዲው ነው። 504 ለብቻው ቴላዮ የላትም፤ ተሸካሚው ራሱ ላሜራው ነው። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለህ ከበሮቹ ስር፣ በኋላ ጎማዎቹ ዙሪያና በኋላ በሩ የታችኛው ጠርዝ ላይ አስኪደው። የማይስብበት ቦታ ከቀለሙ ስር የተለሰነ ስቱኮ ነው። ኮፈኑን ክፈትና የፊት አሞርዛቶሮች ከላይ የሚታሰሩበትን እይ፤ እዚያ የተበየደ ቁራጭ ካየህ ዋጋ መደራደር አቁም። የኋላውን ምንጣፍ ገልጠህ ወለሉን በመፍቻ ጫፍ ኮርኩር።

ከስር ማየትህ አይቀርም። በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ስር እንዳትገባ። ካቫሌቶ (መኪና የሚያርፍበት የብረት መቆሚያ) አድርግ፤ ካልተገኘ ወፍራም የግንድ ጉማጅ። ብሎኬት በፍጹም፤ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ሳያስጠነቅቅ ይፈርሳል።

ዝቅ ያለው ግራ ጎን የኋላ ሞላ ይመስለኛል። ዋገኗ ከሴዳኗ የምትለየው እዚህ ነው፤ ጭነት እንድትችል ከኋላ በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ሁለት፣ በድምሩ አራት ሞላ አላት። አንዱ ሲሰበር የሌላ መኪና ሞላ ቆርጠው ይጨምራሉ፣ ወይም የጎማ ቁራጭ ይወትፋሉ። ከስር በባትሪ ታየዋለህ። አሁንም እላለሁ፣ ሞላ ስታይ አንገትህ ከአክሱሉ ስር ነው፤ ክሪክ ብቻ አይበቃም።

የመለዋወጫውም ነገር አለ። ፈረንሳይ ዋገኗን ማምረት ያቆመችው እ.ኤ.አ. በ1983 ቢሆንም ናይጄሪያ ካዱና ላይ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ ትገጣጠም ስለነበር የሞተር ዕቃ አዲስ አበባ፣ መለዋወጫ በሚሸጥበት ሶማሌ ተራ፣ ታግሶ ለፈለገ ይገኛል። የዋገኗ የራሷ የሆነው ግን ከባድ ነው። በፊትና በኋላ ጎማዎቿ መሀል ያለው ርቀት 2.90 ሜትር፣ የሴዳኗ 2.74 ነው፤ ስለዚህ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ እንኳ አይተካካም። የኋላ መስታወቶቿ፣ የኋላ በሯና ሦስተኛው ወንበር ሙሉ ከሆኑ ለእነሱ ስትል ዋጋ ጨምር። ስንጥቅ መስታወት ካለ አጥብቀህ ቀንስ።

ወረቀቱን በአጭሩ፦ ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥርና የሻንሲ ቁጥር መኪናዋ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል ይግጠም። ካልገጠመ በ100 ሺም አትግዛ።

አሁን ብሩ። ሻጩ 700 የሚጠራው በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ስለጣለ፣ በ2016 ደግሞ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ ነው። ያ ለሚሄድ መኪና ይሠራል። ይቺ ግን ሙሉ ሞተር ትፈልጋለች። ቱቦና ፒስተን፣ ቀለበቶች፣ ደህና ጓርኒሲዮን፣ የቴስታታ መላግ፣ ራዲያተር፣ የእጅ ዋጋ፤ እኔ ብሠራት 170 ሺ ያህል እጠይቅህ ነበር፣ ላንተም እዚያው ሁለት ጋራዥ አስገምት። ለሞላና ለፍሬን 40 ሺ ያዝ። ቴስታታው ሲወርድ ለሚታየው ደግሞ 50 ሺ። ማግኔቱ በሁሉም ቦታ ከሳበ፣ መስታወቱና ወንበሩ ሙሉ ከሆነ 440 ሺ ተገቢ ዋጋዋ ነው፤ 400 ብለህ ጀምር። ከበሮቹ ስር ስቱኮ ካገኘህ 250፤ ወለሉ ከተበሳ ተዋት።

ለሻጩ ማታውኑ ንገረው፣ ጠዋት 12 ሰዓት እመጣለሁ፣ ሞተሩን እንዳታስነሳ በለው። ስትደርስ ከሰላምታው በኋላ እጅህን ኮፈኑ ላይ አሳርፍ። ከሞቀ ሌላ ቀን ቅጠር። ከቀዘቀዘ ማኒኮቶውን ያዝ፣ ከዚያ ካቫሌቶውን አስቀምጥ፣ መኪናዋ ካቫሌቶው ላይ ማረፏን በእጅህ ወዝውዘህ አረጋግጥ፣ ከዚያ ብቻ ከስር ግባ።