ተርሚናልን በብራውዘር መክፈት፦ ስለ ቲቲዋይዲ ጥያቄና መልስ

ዛሬ የምንነጋገረው ቲቲዋይዲ (ttyd) ስለሚባል ፕሮግራም ነው። ሊኑክስ ሰርቨራችሁ ላይ ትጭኑታላችሁ፣ ተርሚናሉ፣ ማለትም ትእዛዝ የምትጽፉበት መስኮት፣ ብራውዘር ላይ ይከፈትላችኋል። ጠይቁኝ። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ፦ ፖርቱን (ፕሮግራሙ የሚገኝበትን ባለቁጥር በር) በቀጥታ ለኢንተርኔት አትክፈቱት።

ጥያቄ፦ ኤስኤስኤች (ወደ ሩቅ ሰርቨር በምስጠራ መግቢያው) እያለ ይሄ ምን ያደርጋል?

መልስ፦ የቢሮው ኔትወርክ የኤስኤስኤችን ፖርት 22ን ዘግቶ የድረ ገጾችን 443ን ብቻ ሲተውልህ ይጠቅምሃል። ኤስኤስኤች የሚሠራልህ ከሆነ እሱኑ ተጠቀም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ ኡቡንቱ ላይ ጫንኩት። ገጹ ይመጣል፤ ስጽፍ ግን ምንም አይቀበለኝም።

መልስ፦ ከስሪት 1.7.4 ጀምሮ ቲቲዋይዲ ሲነሳ ማየት ብቻ ነው የሚፈቅደው። ማስነሻ ትእዛዙ ላይ ሰረዝና ትልቁን ደብልዩ (-W) ጨምሪበት። ትንሹን አይደለም፤ ትንሹ ሌላ ሥራ አለው።

ጥያቄ፦ እኔ ጨርሻለሁ። በፖርት 7681 ከቤትም ከስልኬም ይከፈታል። ፓስወርድም አስገብቻለሁ። ይበቃል አይደል?

መልስ፦ አይበቃም። አሁኑኑ አቁመውና ከዚያ አንብበኝ።

ያስገባኸው ፓስወርድ ያለ ኤችቲቲፒኤስ (የተመሰጠረው የድረ ገጽ መስመር) ሲሄድ በቤዝ 64 ተጽፎ ነው። ያ ምስጠራ አይደለም፤ መሀል ላይ ያለ ሰው ወዲያው ያነበዋል። ሌላው፣ ፕሮግራሙን ማን ሆነህ ነው ያስነሳኸው? ሩት (ሁሉን ማድረግ የሚችለው ተጠቃሚ) ሆነህ ትእዛዝ ተቀባዩን ባሽን ካስነሳህበት፣ ገጹ ላይ የገባ ሁሉ ሩት ነው። ሰርቨሩ ሌላ ምንም አይጠይቀውም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሰረዝ አይ (-i) ብለህ የሰርቨሩን የውስጥ አድራሻ 127.0.0.1ን ስጠው፤ ከሰርቨሩ ውጭ ማንም አይደርስበትም። ከፊቱ ጥያቄ ተቀብሎ የሚያስተላልፈውን ኢንጂንኤክስን (nginx) አስቀምጥ። ለኤችቲቲፒኤስ የሚያስፈልገውን ሰርተፍኬት ከሌትስ ኢንክሪፕት በነፃ ታገኛለህ፤ እድሳቱን ሰርትቦት ለሚባለው ፕሮግራም ተውለት። ኢንጂንኤክስ ላይ የኤችቲቲፒ ስሪቱን 1.1 አድርግ፣ አፕግሬድና ኮኔክሽን የሚባሉትን ሄደሮች (ከጥያቄው ጋር የሚላኩ መረጃዎች) ደግሞ ራስህ አሳልፋቸው። እነሱን ከረሳህ ገጹ ይከፈታል፣ ዌብሶኬቱ (ብራውዘሩንና ሰርቨሩን ሳያቋርጥ የሚያገናኘው መስመር) ግን ስለማይገናኝ ተርሚናሉ አይሠራም። በመጨረሻ፣ ቲቲዋይዲን በተራ ተጠቃሚ አስነሳው። ባሽን በቀጥታ ከመስጠት ወደዚያው ሰርቨር በኤስኤስኤች እንዲገባ አድርገው። ያኔ የሰርቨሩም ፓስወርድ ይጠየቃል።

ሌላ አባል፦ ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? ፖርቱን 48213 አድርገው፣ ማንም አያገኘውም።

ሦስተኛ አባል፦ ያሉት ፖርቶች 65535 ብቻ ናቸው። ቦት፣ በራሱ የሚፈልግ ፕሮግራም፣ ሁሉንም ያስሳቸዋል። ይልቅ ሼል ኢን ኤ ቦክስ የሚባለው ተመሳሳይ ፕሮግራም ይሻላል፤ ዌብሶኬት አይፈልግም፣ ሰርተፍኬቱንም ራሱ ይሠራል።

ሌላ አባል፦ ያ ያረጀ ነገር! ራሱ የሠራውን ሰርተፍኬት ደግሞ ብራውዘር አያምነውም።

ሦስተኛ አባል፦ ያረጀ ማለት የተፈተነ ማለት ነው።

መልስ፦ ክርክሩን እዚህ ላይ እንተወው። በፖርት 4200 የሚነሳውን ሼል ኢን ኤ ቦክስንም ብትመርጡ ያው ነው፤ ለኢንተርኔት በቀጥታ አትክፈቱት። ፖርት መቀየር ደግሞ መቆለፍ አይደለም።

ጥያቄ፦ አልሠራም አለኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ምኑ? ሎጉ (የፕሮግራሙ መዝገብ) ምን ይላል? ስህተቱን ጻፍ።

ጥያቄ፦ እኔ በዶከር (ፕሮግራምን ለብቻው ከልሎ በሚያስነሳው) ነው ያስነሳሁት። ዩኤፍደብልዩ በሚባለው ፋየርዎል ላይ ፖርቱን ዘግቼዋለሁ፣ ግን ከውጭ ይከፈታል። እንዴት?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይወድቃል። ዶከር ፖርት ሲከፍት የራሱን ደንብ በአይፒቴብልስ (የሊኑክስ የትራፊክ ደንቦች) ላይ ይጽፋል። ትራፊኩ ዩኤፍደብልዩ የዘጋውን መንገድ ሳይነካ ያልፋል። ፖርቱን ስትሰጠው ከፊቱ 127.0.0.1 እና ሁለት ነጥብ ጨምርበት። ከዚያ ከውጭ በስልክህ ሞክረው፤ መከፈት የለበትም።

ጥያቄ፦ ገጹ ይከፈታል፣ መጻፍ ግን አይቻልም።

መልስ፦ ከላይ ተመልሷል። ትልቁ ደብልዩ።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔቱ ሲቆራረጥ የጀመርኩት ሥራ ሁሉ ይጠፋል።

ሌላ አባል፦ የኢንጂንኤክስ ታይምአውት (ዝም ያለ መስመርን ከመዝጋቱ በፊት የሚጠብቀው ጊዜ) 60 ሰከንድ ነው። ከፍ አድርጊው።

መልስ፦ ችግሩ እሱ አይደለም። ቲቲዋይዲ በየ5 ሰከንዱ ፒንግ የሚባል አጭር ምልክት ስለሚልክ ዝም ብለሽ ብትቀመጪም መስመሩ አይዘጋም። ኔቱ ራሱ ሲቋረጥ ግን ቲቲዋይዲ ያስነሳውን ፕሮግራም ይዘጋዋል። ሥራሽን ሰርቨሩ ላይ በሚሠራው ቲሙክስ (tmux) በሚባለው ፕሮግራም ውስጥ ጀምሪ። ብትወጪም ይቀጥላል፤ ስትመለሺ ካቆምሽበት ታገኚዋለሽ።

ጥያቄ፦ በአማርኛ የጻፍኩትን ፋይል ስከፍት ሳጥን ሳጥን ብቻ ነው የማየው። ሰርቨሩ ላይ ምን ልጫን?

መልስ፦ ሰርቨሩ ላይ ምንም። ይሄን ጉዳይ ከልቤ ስለምከታተለው በደንብ ላስረዳህ። ፊደሉን የሚስለው ብራውዘሩ ነው፣ ስለዚህ ፎንቱ መኖር ያለበት የተቀመጥክበት ኮምፒውተር ላይ ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን እዚያ ጫን። ከሳጥን ይልቅ የጥያቄ ምልክት ካየህ ግን ጥፋቱ የሰርቨሩ ነው፤ ሎኬሉን (የቋንቋ ቅንብሩን) ዩቲኤፍ 8 አድርገው። ሁለቱንም አስተካክለህም ፊደሎቹ እርስ በርስ ሊደራረቡ ይችላሉ። ተርሚናል ለእያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል አንድ ዓምድ ብቻ ይሰጣል፤ እንደ «ጨ» እና «ጪ» ያሉት ደግሞ ከዚያ ይሰፋሉ። ፊደላችን ተርሚናል ላይ በወጉ እንዲታይ የኛ ሰዎች ለዓምዱ የሚመጥን ፎንት ቢሠሩልን እመኛለሁ። እስከዚያው ረጅም የአማርኛ ጽሑፍ ሌላ ቦታ ጽፈህ ፋይሉን ላከው።

ጥያቄ፦ የዊንዶውስ ስክሪንስ በዚህ ይታያል?

መልስ፦ አይታይም። ለዚያ የተሠራውን አፓቼ ጓካሞሌን እይ። የመግቢያ ስሙም ፓስወርዱም «ጓክአድሚን» (guacadmin) ሆኖ ነው የሚመጣው፤ መጀመሪያ እሱን ቀይር። ፖርቱንም ለኢንተርኔት አትክፈት።