መስመሩ ጥርት ብሎ ሳለ ኤሌክትሪኩ ለምን ያልፋል?

ጥያቄ፦ የምንሠራው ደብረ ብርሃን ነው። ለንክኪ ማብሪያ የሚሆን አይቲኦ (ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ግልጽ የኢንዲየም ቲን ኦክሳይድ ሽፋን) የለበሰ መስታወት አለን፤ ሽፋኑን በ20 ዋት ፋይበር ሌዘር መስመር እየሠራን ግራና ቀኙን እንለያያለን፤ ፍጥነቱ በሰከንድ 2,000 ሚሊሜትር፣ ድግግሞሹ 50 ኪሎኸርዝ (በሰከንድ 50,000 ምት) ነው። መስመሩ ለዓይን ጥርት ያለ ነው፤ ስንለካው ግን ግራና ቀኙ ይገናኛል። ኃይሉን ስንጨምር መስታወቱ ይሰነጣጠቃል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ኃይሉን መጨመር ይቅርባችሁ። መጀመሪያ አለካካችሁን ፈትሹ። መስመሩ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ካልደረሰ ኤሌክትሪኩ ጫፉን ዞሮ ያልፋል። ስለዚህ በቁራጭ መስታወት ላይ 10 ሚሊሜትር በ10 ሚሊሜትር የሆነ ዝግ ካሬ ሥሩና የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ ከውስጥ፣ ሌላውን ከውጭ አድርጋችሁ ለኩ። ብረቶቹን በሁለት እጅ አትንኩ፤ ሰውነትም ስለሚያስተላልፍ ንባቡ ያሳስታል።

ካሬውም ካስተላለፈ ፍጥነቱን ጠርጥሩ። ሌዘሩ በተከታታይ ምት ነው የሚሠራው። 2,000 ሚሊሜትር ለ50,000 ምት ሲካፈል በየምቱ መካከል 0.04 ሚሊሜትር ማለትም 40 ማይክሮን ይሆናል። የጨረሩ ነጥብም 40 ማይክሮን ገደማ ከሆነ ክቦቹ ጫፍ ለጫፍ ብቻ ይነካካሉ፤ በመካከላቸው የሚተርፈው ሽፋን ድልድይ ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ የሽፋኑ ውፍረት ከ100 እስከ 200 ናኖሜትር ብቻ ስለሆነ ትራፊው በዓይን አይለይም። ፍጥነቱን ወደ 1,000 አውርዱት፤ ያኔ ምቱ በ20 ማይክሮን ልዩነት ስለሚያርፍ ክቦቹ ይደራረባሉ። ኃይሉን ከ10 በመቶ ጀምራችሁ በ5 በ5 እየጨመራችሁ በየደረጃው አንድ ካሬ ሥሩ፤ ካሬው ማስተላለፍ ባቆመበት ደረጃ ላይ ትንሽ ብቻ ጨምራችሁ አቁሙ።

መስታወቱ የሚሰነጠቀው በትርፉ ሙቀት ነው። የፋይበር ሌዘሩ የ1,064 ናኖሜትር ጨረር በመስታወቱ አልፎ ይሄዳል፤ የሚይዘው ሽፋኑ ነው፤ ሙቀቱ ሲበዛ ግን ወደ መስታወቱ ገጽ ይወርዳል። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘርን መስታወቱ ራሱ ስለሚይዘው ለዚህ ሥራ አይሆንም።

የለበሰው ገጽ ወደ ላይ ይሁን፤ በመልቲሜትር የሚያስተላልፈው እሱ ነው። የመስታወቱ ውፍረት በተቀየረ ቁጥር ፎከሱን እንደገና አስተካክሉ። በጠዋት ከብርዱ የገባ መስታወት ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ጤዛ ስለሚይዝ፣ እስኪሞቅ ድረስ ከመጠቅለያው አታውጡት።

ከሥራ በኋላ መስመሩን በአይሶፕሮፒል አልኮልና በማይበን ጨርቅ ጥረጉ። የኢንዲየም ብናኝ ሳንባ ይጎዳል፤ የአየር መምጠጫውን ከመስመሩ አጠገብ አድርጉት፣ ደረቁን ብናኝ በመጥረጊያ አታስነሱት። ለ1,064 ናኖሜትር የተሠራ መነጽር ሳታደርጉም ማሽኑን አታስነሱ።