በትንሽ የወደብ ከተማ መዝገብ ለምትፈልጉ ወጣቶች

ልጆቼ፣

በባሕር ጠረፍ ያለች ትንሽ ከተማ ሄዳችሁ የአንድ ቤት የይዞታ ታሪክ ወይም የአንድ ሰው የሞት መዝገብ ስትጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የምትሰሙት መልስ «እዚህ የለም» የሚል ነው። ቅር አትሰኙ። መልሱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ጭራሽ የለም ማለት ግን አይደለም። ትንንሽ ከተሞች ከአጎራባቻቸው ጋር ይዋሃዳሉ፣ ማዘጋጃ ቤታቸው ይታጠፋል፣ ዶሴው ሁሉ ተጭኖ ወደ ትልቁ ከተማ ቤተ መዛግብት ይሄዳል። ስለዚህ «መዝገቡ የት ነው?» ከማለታችሁ በፊት «በዚያ ዘመን ይህን የመመዝገብ ግዴታ የማን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ዕድሜዬን በመዝገብ ቤት ስገፋ ከዚህ የበለጠ በር የሚከፍት ጥያቄ አላገኘሁም።

ወደብ ደግሞ የራሱ ጸጋ አለው። የከተማው መዝገብ በእርጥበት ቢሻግት፣ በጎርፍ ቢወሰድ እንኳ፣ ጉምሩኩና የወደብ አስተዳደሩ ለራሳቸው ጉዳይ የጻፉት ሌላ ቦታ ተርፎ ይገኛል። የመርከብ ምዝገባን ውሰዱ። በእንግሊዝ ሕግ የአንድ መርከብ ባለቤትነት በ64 ድርሻ ተከፍሎ ይመዘገባል። አሮጌውን መዝገብ ስትገልጡ የመርከቡ አለቃ፣ ነጋዴው፣ ባሏ የሞተባት ሴት፣ ሁሉም ከነሥራቸውና ከነመኖሪያቸው፣ ከነድርሻቸው ተጽፈው ታገኛላችሁ። የልደት መዝገቡ የጠፋበት ሰው እዚያ ይገኛል።

የመሬት መዝገብም ከዚህ ብዙ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1858 በደቡብ አውስትራሊያ አዲሱን የመሬት ምዝገባ ሕግ ያስወጣው ሮበርት ቶረንስ ቀደም ሲል በአዴሌድ የጉምሩክ ኃላፊ ነበር፤ የመርከቡን አመዘጋገብ ወደ መሬት አመጣው። የእሱ ሥርዓት ባለበት አገር ባለመብቱን መዝገቡ ራሱ ይነግራችኋል። በሌለበት ግን ከሻጭ ወደ ሻጭ፣ ከውል ወደ ውል ወደ ኋላ መሄድ ነው፤ ለዚያ ትዕግሥት ይዛችሁ ሂዱ።

በባሕር ዳርቻ ይዞታ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በብዙ አገር ወሰኑ የባሕሩ ሙላት የሚደርስበት መስመር ነው፤ ባሕሩ ሲሸረሽር ወይም አሸዋ ሲከምር መስመሩ አብሮ ይንቀሳቀሳል። የዱሮው ውል ላይ ያለው ስፋት ከዛሬው ካልገጠመ ተጭበርብሯል ለማለት አትቸኩሉ፤ የየዘመኑን ፕላን ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩ።

የቀብር መዝገብ ስታነቡ ደግሞ ስም የሌላቸውን መስመሮች አትዝለሉ። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1808 የወጣ ሕግ ባሕር ወደ ዳር የጣለውን አስከሬን አጥቢያው እንዲቀብር አዘዘ። በእንዲህ ያለ መዝገብ ላይ «ያልታወቀ መርከበኛ» ከሚል ቃልና ከቀኑ ሌላ ምንም ላይኖር ይችላል። ቀኑን በዚያ ሰሞን ከሰጠመ መርከብ የሠራተኞች ስም ዝርዝር ጋር አስተያዩት። እነማን ሊሆኑ እንደሚችሉ ይጠብባል፤ እርግጠኛ ሳትሆኑ ግን ስም አትስጡ። የሰው ልጅ ነው፣ ወገን ነበረው።

መዝገብ ቤቱን የያዘውን ሰው አክብሩት። በትንሽ ከተማ ልደቱንም፣ ግብሩንም፣ ግንባታ ፈቃዱንም የሚይዘው ያው አንድ ሰው ሊሆን ይችላል፤ የትኛው ሣጥን ውስጥ ምን እንዳለ ከሱ በቀር የሚያውቅ ላይኖር ይችላል። የምትፈልጉትን ስም፣ ልዩ ልዩ አጻጻፉን፣ ግምታዊ ዓመቱን በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት። መጀመሪያ ማውጫውን ለምኑ፣ ከዚያ ጥራዙን። ያገኛችሁትን በጥራዝና በገጽ ቁጥር ያዙ፤ ያላገኛችሁበትንም ጥራዝ ከነዓመቱ መዝግቡ፣ ያለዚያ ሌላ ጊዜ እዚያው ትመለሳላችሁ። ለፍርድ ቤት ወይም ለውርስ ከሆነ ፎቶ አይበቃም፣ ማኅተም ያለበት የተረጋገጠ ግልባጭ ጠይቁ። በሕይወት ያለ ሰው መዝገብ ከሆነ ደግሞ የባለጉዳዩን ፈቃድ ወይም የውክልና ማስረጃ አስቀድማችሁ ያዙ።