ካርዱን ከመዘርጋታችሁ በፊት ቀና ብላችሁ ሰማዩን እዩ

ልጆቼ፣

ባለፈው ወር የእህቴ ልጅ በስልክ አንድ ሥዕል ላከችልኝ። ራሷ የፈጠረችው የታሮት ካርድ (ሰው እየዘረጋ ዕድሉን የሚያነብበት ባለሥዕል ካርድ) አደራደር ነው። ዳር ዳሩን 12 ካርዶች ለ12ቱ ኮከቦች፣ ከውስጥ 8 ካርዶች ለጨረቃ 8 መልኮች፣ መሀል ላይ ደግሞ «እኔ» የሚል አንድ ካርድ። በድምሩ 21። ከሥሩ «አክስቴ፣ እንዴት ነው?» ብላለች።

ያምራል። ክፈፍ ገብቶ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል አይጠላም። ግን 21 ካርድ ዘርግቶ ምን ሊነበብ ነው? ዘጠነኛው ላይ ስትደርሱ የመጀመሪያው ከሐሳባችሁ ወጥቷል። ለእሷ የጻፍኩትን መልስ ሰፋ አድርጌ ለእናንተም ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ። በእሷ ዕድሜ ያሉ ስንቶች ይህን ነገር እንደሚሞክሩት አያለሁና።

እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት የጋዜጣና የመጽሔት ገጽ ሳቀናብር ነው። መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ ኋላ ሜሪላንድ። ከታሮት ጋር ያገናኘኝም ይኸው ሥራዬ ነው። አንድ ደንበኛ የካርዱን ሣጥንና አብራ የምትገባውን ትንሽ መመሪያ እንዳቀናብር ሰጠኝ። ሥራው አለቀ፣ ካርዱ እጄ ላይ ቀረ። ስለዚህ የምነግራችሁ እንደ ጠጠር ጣይ ሳይሆን እንደ ገጽ አቀናባሪ ነው። ከሃይማኖቴ ጋር አይሄድም የምትሉ አትንኩት፤ ልከራከራችሁ አልመጣሁም። እኔም ካርዱ ነገን ያውቃል ብዬ አላምንም። 78 ቁራጭ ካርቶን ነው። ሰው ግን ሥዕል ፊቱ ሲቀርብለት በሆዱ የያዘውን ያወራል። እኔ የምፈልገው ያንን ወሬ ነው።

ታሪኩን በአጭሩ ልንገራችሁ፣ ፍርሃት ይቀንሳል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ታሮት በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰሜን ጣሊያን ውስጥ የተጀመረ የካርታ ጨዋታ ነው። የሚላን መሳፍንት በወርቅ ያስለበጧቸው ካርዶች ዛሬም በከፊል አሉ። ሰው ከ300 ዓመት በላይ ሲጫወትበት ኖረ። በ1781 አንትዋን ኩር ደ ዤብላን የተባለ ሰው ፓሪስ ላይ «ይህ የጥንት ግብፆች ጥበብ ነው» ብሎ ጻፈ። ያኔ የጥንቱን የግብፅ ጽሕፈት ማንበብ የሚችል ሰው በዓለም ላይ አልነበረም። ማን ይከራከረው?

ኮከብና ካርድን ዛሬ በምናውቀው መልክ ያጋቡት ግን እንግሊዞች ናቸው። በ1888 ለንደን ላይ ጎልደን ዶውን የሚባል የምስጢር ማኅበር ተቋቋመ። እዚያ ነው ለእያንዳንዱ ኮከብ «ትልልቅ» ከሚባሉት ባለስም ካርዶች አንዱ የተመደበለት። ከማኅበሩ አባላት አርተር ኤድዋርድ ዌይት ካርዱን አሰናዳ፣ ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ሣለችው፣ በ1909 ታተመ። ዛሬ በየሱቁ የምታዩት አብዛኛው ካርድ የዚያ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ነው። ስሚዝ ለአንድ ወዳጇ ስትጽፍ ትልቅ ሥራ በትንሽ ገንዘብ እንደሠራች ነግራዋለች። ሠዓሊ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ሣጥኑ ላይ ለብዙ ዓመታት የታተመው ግን የአሳታሚውና የዌይት ስም ነበር። ስለ ካርዱ ስታወሩ ስሟን ጥሩልኝ።

አሁን ወደ ኮከቦቹ። ስማቸውን በእንግሊዝኛ ስትጠሩ እሰማለሁ። በእኛም አሉ እኮ፤ ከኤሪስ እስከ ፓይሲስ በተራ፣ ሐመል፣ ሰውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሰንቡላ፣ ሚዛን፣ አቅራብ፣ ቀውስ፣ ጀዲ፣ ደለዊ፣ ሑት። ከዐረብኛ የመጡ ናቸው። ግን ተጠንቀቁ። በእኛ ዐውደ ነገሥት በሚባለው የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ሰው ኮከቡን የሚያገኘው ከልደት ቀኑ አይደለም። የስሙና የእናቱ ስም ፊደላት በቁጥር ይደመሩና ለ12 ይካፈላሉ፤ ቀሪው ነው ኮከቡ። ፈረንጁ ደግሞ በተወለዳችሁበት ቀን ፀሐይ የነበረችበትን ይቆጥራል። እኔ በአያቴ ቆጠራ አሰድ ነኝ፣ በፈረንጁ ሑት። አንበሳም ዓሣም መሆን ይቻላል፤ አንድ ገጽ ላይ ስትጽፉት ግን የትኛውን ቆጠራ እንደያዛችሁ ይታወቅ። ታሮቱ የተሠራው በፈረንጁ ነው።

ጨረቃንም መቁጠር ከፈረንጅ አልተማርንም። 12 የጨረቃ ወር 354 ቀን ነው፣ ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያንሳል። ባሕረ ሐሳብ በሚባለው የዘመን ቀመራችን ላይ ጥንተ አበቅቴ 11 የሚባለው ይህ ነው፤ ፋሲካ በየዓመቱ ቀኗን የምትቀያይረውም በዚሁ ሒሳብ ነው።

ስለ አደራደር ስትጠይቁኝ ቀድሜ የምለው አንድ ነገር ነው። ቅርጹን ከሰማይ ውሰዱ። ብዙዎቻችሁ ማጭድ የመሰለች ጨረቃ ትሥሉና በላይዋ ካርድ ትደረድራላችሁ። ያ ጌጥ ነው። ሰማዩ ላይ የሚሆነው ነገር ራሱ ቅርጽ አለው፤ ጌጥ አያስፈልገውም።

አዲስ ጨረቃ ሲሆን ጨረቃና ፀሐይ በአንድ ኮከብ ውስጥ፣ በአንድ አቅጣጫ ናቸው። ጨረቃ አትታይም። ታዲያ ያን ቀን ለምን ሰባት ካርድ ትዘረጋላችሁ? እኔ አንድ ካርድ ብቻ አወጣለሁ። እሱንም ፊቱን ሳላይ ደፍቼ አስቀምጠዋለሁ። ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ማታ ከምዕራብ በኩል ቀጭኗን ጨረቃ በዓይኔ ሳያት ነው የምገልጠው። እስከዚያ ጥያቄው ከእኔ ጋር ይሰነብታል። ብዙ ጊዜ ካርዱን ሳልገልጥ መልሱ ይመጣል።

ከሳምንት በኋላ ግማሽ ጨረቃ ትሆናለች። ያን ጊዜ ፀሐይና ጨረቃ ከእኛ ሲታዩ 90 ዲግሪ ተራርቀዋል። ስለዚህ ሁለት ካርድ፣ አንዱ ቁም፣ አንዱ አግድም። አንዱ የሚገፋኝ፣ አንዱ የሚይዘኝ። ሌላ አልጨምርበትም።

ሙሉ ጨረቃ ግን ሀብታም ናት። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ፀሐይ ስትጠልቅ ጨረቃ ትወጣለች፤ እኛ መሀል ላይ ነን። ሦስት ካርድ በአንድ መስመር ነው፣ ፀሐይ፣ እኔ፣ ጨረቃ። ሙሉ ጨረቃ ምንጊዜም ከፀሐይ ተቃራኒ ባለው ኮከብ ውስጥ ትውላለች። ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ከመስከረም 13 ገደማ እስከ ጥቅምት 12 ገደማ በሚዛን ናት። በዚያ መሀል የምትሞላው ጨረቃ በሐመል ትሆናለች ማለት ነው። የሚዛን ካርድ ፍትሕ ነው፣ በእጇ ሰይፍና ሚዛን የያዘች። የሐመል ካርድ ንጉሠ ነገሥቱ ነው፤ ሐመል በግ ነውና ስሚዝ ዙፋኑ ላይ የአውራ በግ ራሶች ሥላበታለች፣ ልብ ብላችሁ እዩ። እነዚህን ሁለቱን ከጥቅሉ አውጥታችሁ ግራና ቀኝ እንደ ርዕስ አስቀምጧቸው። ቀሪውን 76 በውዙና ሦስት አውጡ። ሚዛን ሥር «ለሰው ስል ምን ተውኩ?» ሐመል ሥር «ለራሴ ስል ምን ይዤ ቀረሁ?» መሀሉ ላይ «ዛሬ በእጄ ያለው ምንድነው?» በቃ።

እንደዚህ ያሉ ጥንዶች ስድስት ናቸው። ሰውርና አቅራብ የእኔ የሆነውና ከሌላው ጋር የጋራ የሆነው ነው፤ ዕቁብ፣ ብድር፣ አገር ቤት የሚላክ ገንዘብ። ሸርጣንና ጀዲ ቤትና ሥራ ነው፤ ሁለት ሥራ ለሚሠራ ሰው ከዚህ የበለጠ ጥያቄ የለም። የቀሩትን ራሳችሁ ሞክሯቸው። በመጨረሻው ሩብ ጨረቃ እኩለ ሌሊት ገደማ ትወጣለች፤ ያኔም ሁለት ካርድ ነው፣ የሚጣልና የሚቀመጥ። እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ ተኝቼ ያልፈኛል።

በነገራችን ላይ፣ «ጨረቃ» የሚለው 18ኛው ካርድ የጨረቃ ካርድ አይደለም። ውሻና ተኩላ ያላዝናሉ፣ ከኩሬው አንድ ሸርጣን መሰል ፍጥረት ይወጣል። ጀማሪ ሁሉ «ይህ የሸርጣን ኮከብ ነው» ይላል። በእነዚያ እንግሊዞች ድልድል የሑት ነው። ጨረቃ ራሷ የተሰጠችው ለሴቷ ሊቀ ካህናት ነው፣ እግሯ ሥር ማጭድ ጨረቃ ላላት። የሸርጣን ካርድ ሠረገላው ነው። እኔም ለረጅም ጊዜ ተሳስቼበታለሁ።

የበለጠውን ስሕተቴን ግን ልናዘዝ። ከብዙ ዓመት በፊት አንዲት ጓደኛዬ የጥገኝነት ጉዳይዋ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ይጠብቅ ነበር። ቡና እየጠጣን «እስቲ ዘርጊልኝ» አለች። ሴልቲክ ክሮስ የሚባለውን 10 ካርድ ዘረጋሁ፤ ዌይት ያሳተመው ታዋቂ አደራደር ነው። አሥረኛው ቦታ የመጨረሻው ውጤት ነው። እዚያ ላይ አሥሩ ሰይፍ ወጣ። አንድ ሰው በግንባሩ ተደፍቶ ጀርባው ላይ አሥር ሰይፍ ተሰክቷል። ፊቷ ተለወጠ። ከአድማሱ ላይ ቢጫ ንጋት አለ፣ እሱን ላሳያት ሞከርኩ፤ ማን ሰምቶኝ? ሦስት ሳምንት ሙሉ የጠበቃዋን ስልክ አላነሣችም። «ታይቶብኛል፣ ምን እደክማለሁ» አለችኝ። የሚፈለግባት ወረቀት የደረሰው በመጨረሻው ቀን ነው። ጉዳዩ ቀናት፣ ዛሬ ልጆቿ ዩኒቨርሲቲ ናቸው፣ ነገሩንም እያነሣች ትስቅብኛለች። እኔ አልስቅም።

ጥፋቱ የካርዱ አልነበረም። ቦታው ላይ የተጻፈው ቃል ነው። «ውጤት» ተብሎ የሚጠራ ቦታ ለፈራ ሰው ፍርድ ነው። ከዚያ ወዲህ በማንኛውም አደራደሬ ውስጥ «ውጤት» የለም። «እሱ ስለ እኔ ምን ያስባል?» የሚልም የለም። እሱን ማወቅ የምትፈልጊ ልጅ፣ ደውይለት። ቦታ ማለት ጥያቄ ነው፤ ጥያቄው ደግሞ ተቀምጦ ያለው ሰው ነገ ጠዋት ተነሥቶ አንድ ነገር ሊያደርግበት የሚችል ይሁን።

ገጽ ሳቀናብር የነበረኝን አንድ ዘዴ ልስጣችሁ። ርዕስ በትክክል መመጠኑን የማውቀው በጣም አጭርና በጣም ረጅም ቃል አስገብቼ ሳየው ነበር። አደራደራችሁንም እንዲሁ ፈትኑት። ከጥቅሉ ፀሐይ የተባለውን ደስተኛ ካርድ፣ መብረቅ የመታውን ግንብና አሥሩን ሰይፍ አውጡ። ሦስቱንም በየቦታው ተራ በተራ አስቀምጡና ጥያቄውን ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ግንቡ ሲቀመጥበት ሰውን የሚያስደነግጥ ጥያቄ ካለ ቃሉን ቀይሩት። ፀሐይ ሲቀመጥበት ምንም የማይናገር ከሆነ ቦታውን ሰርዙት። የእህቴን ልጅ 21 ቦታ በዚህ ስፈትነው ስድስት ተረፉ።

ደስ አላላትም። ቀለም ቀብታው ነበራ። እኔም ሥዕሉን ሳየው ቆየሁና አንድ ነገር ገባኝ። ልጅቷ የተሳሳተችው በቦታው ብዛት ሳይሆን በአንድ ማታ ልትጨርሰው በማሰቧ ነው። ጨረቃ ራሷ 12ቱን ኮከብ ዞራ ለመመለስ 27 ቀን ከምናምን ይፈጅባታል፤ አንዱ ውስጥ ሁለት ቀን ከሩብ ያህል ነው የምትቆየው። ዞራ ስትመለስ ደግሞ ፀሐይ ከነበረችበት አልፋ ሄዳለች፤ እሷ ላይ ለመድረስ ሌላ ሁለት ቀን ትጨምራለች። 29 ቀን ተኩል የሚሆነው ለዚህ ነው። እናም ደውዬ እንዲህ አልኳት፤ ክቡን አትጣዪው፣ ጨረቃ ወደ አዲስ ኮከብ በገባች ቁጥር አንድ ካርድ አውጪ፣ ቀኑን ጻፊ፣ አንድ መስመር ጻፊበት። የውስጡን 8 ግን አጥፊው፣ ያንን ጨረቃዋ ራሷ ታሳይሻለች።

ትናንት ስትደውል አራተኛው ላይ ናት፣ ገውዝ። «አክስቴ፣ ይሄ ነገር ቀስ ይላል» ብላ ታማርራለች።

እኔ ዘንድ ሰማዩ ዳምኗል። አዲስ ጨረቃ ካለፈ አራተኛ ቀኑ ነው፣ ቀጭኗን አላየኋትም። ካርዴ እንደተደፋ ነው፣ ማቀዝቀዣው ላይ፣ ከስኳር ዕቃው ሥር።