«የሕዝብ ዲፕሎማሲ» የማን ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮሙኒኬሽን ባለሙያ ነኝ። ለንግድ ጉዳያቸው ከጅቡቲ የመጡ ነጋዴዎች ሲጎበኙን ዜና ሠራሁና «የሕዝብ ዲፕሎማሲ» አልኩት። ባልደረባዬ «አቦ፣ ይሄማ የሕዝብ ለሕዝብ ግንኙነት ነው» ብሎ ሰረዘው። አለቃችን ደግሞ በ«ገፅታ ግንባታ» ተኩት። ሦስቱ አንድ ናቸው? (ከሳቢያን)

መልስ፦ አንድ አይደሉም። ባልደረባዎ ልክ ነው።

ጣጣው ያለው «የ» ላይ ነው። «የሕዝብ ድምፅ» ስንል ተናጋሪው ሕዝቡ ነው። «የሕዝብ ማመላለሻ» ስንል ግን ሕዝቡ ተሳፋሪ ነው። «የሕዝብ ዲፕሎማሲ» መጀመሪያ የተቀረጸው በሁለተኛው መንገድ ነው። ሥራው የመንግሥት ነው፤ የሚያነጋግረው የሌላውን አገር ሕዝብ ነው። ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1965 በዚህ ትርጉም ያስለመደው አሜሪካዊው ዲፕሎማት ኤድመንድ ጉሊዮን ነው። ግብሩ ግን ከስሙ ይቀድማል። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1938 በዐረብኛ ማሰራጨት የጀመረው የጣሊያኑ ሬዲዮ ባሪ የዐረቡን ጆሮ እየወሰደበት ስለነበር ነው።

ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ የሚታየው እዚሁ አጠገባችን ነው። የሐረሩ ገዥ ራስ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1902 ለኤድዋርድ ሰባተኛ የዘውድ በዓል ለንደን ሄዱ። ይህ ከቤተ መንግሥት ወደ ቤተ መንግሥት የሚደረግ፣ የጥንቱ ዲፕሎማሲ ነው። ልጃቸው አፄ ኃይለ ሥላሴ ደግሞ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆሙ። የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት አወኳቸው። ፈረንሳይኛ አሳምረው ያውቁ ነበር፤ የተናገሩት ግን በአማርኛ ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይሞላል። አዳራሹ ውስጥ የነበሩት የመንግሥታት ወኪሎች ናቸው፤ መንግሥታቱም ብዙም ሳይቆዩ በጣሊያን ላይ የጣሉትን ማዕቀብ አነሡ። ንግግሩ ግን በጋዜጣና በዜና ፊልም አልፏቸው ሕዝባቸው ዘንድ ደረሰ፤ የሕዝብ ዲፕሎማሲ ይህን ይመስላል። ኢትዮጵያም በዓለም ፊት የተበደለች አገር ሆና ታወቀች።

የእኛ ሚዲያ በኋላ ቃሉን ወደ «የሕዝብ ድምፅ» መንገድ ስቦታል። በ2003 ዓ.ም. ከግብፅ፣ በ2007 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ በዓባይ ጉዳይ የተላኩት ቡድኖች «የሕዝብ ዲፕሎማሲ ቡድን» ተባሉ። እዚህ ላይ ሕዝቡ ራሱ መልእክተኛ ሆነ። ስሕተት ነው አልልም፤ ቃል አገር ሲለምድ እንዲህ ይሆናል። የግብፁ ቡድን ባዶ እጁን አልተመለሰም፤ ኢትዮጵያ የናይል ማዕቀፍ ስምምነትን፣ ማለትም የተፋሰሱ አገሮች ስለ ውኃው አጠቃቀም ያዘጋጁትን ውል፣ ማጽደቋን ለጊዜው አዘገየችለት። ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ የሚያደርሱት ጉዳይ ነበራቸው።

የእርስዎ እንግዶች ግን የመጡት ለንግዳቸው ነው። ማንም መልእክት አላሸከማቸውም። ድሬና ጅቡቲ ከባቡሩ ዘመን ጀምሮ ለሰርግም ለለቅሶም የሚፈላለጉ ከተሞች ናቸው። ይህ የሕዝብ ለሕዝብ ግንኙነት ካልተባለ ምን ሊባል ነው? ማዕረግ ለመጨመር ብለው ዲፕሎማሲ አያድርጉት። ስሙ እንዳለ በቂ ክብር አለው።

«ገጽታ ግንባታ» ደግሞ የሚፈለገውን ውጤት እንጂ የተሠራውን ሥራ አይነግረንም፤ ስለዚህ ለዜናዎ አይሆንም። እኔ በግሌ «ስም ማስጠራት» ይበልጥብኛል። ስምን የሚጠራው ሌላው ሰው ነውና፣ ፍርዱ በሰሚው እጅ መሆኑን ቃሉ ራሱ ይዟል። «ግንባታ» ግን ሁሉም ነገር በእኛ ሲሚንቶ የሚያልቅ ያስመስለዋል።

አለቃዎ ቃሉን አልተውም ካሉ፣ ቢያንስ በ«ጽ» ይጻፉት። ግእዙ «ገጽ» ነው።