ልጄ ሰው ቤት ሊጫወት ሲሄድ ምን ልጠይቅ?

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ። የአምስት ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። አሁን አሁን ጓደኞቹ ቤት ሄዶ መጫወት ይወዳል። ሁለት ቤቶች ይጠሩታል። በአንደኛው ቤት አባትየው ሽጉጥ እንዳለው ሰምቻለሁ። የሌላኛው ቤት ግቢ ውስጥ መዋኛ ገንዳ አለ። ሽጉጥ ያለበት ቤት አይሄድም ብዬ ቁርጡን ተናግሬያለሁ። ገንዳ ያለበት ቤት ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ይሄዳል። ባለቤቴ «ከሽጉጡ ይልቅ የሚያሰጋኝ ገንዳው ነው» ይላል። እኔን ነገሩ አልዋጥልኝ ብሏል። ሰው ቤት ደውሎ «መሣሪያ አላችሁ ወይ?» ማለቱም ያሳፍራል። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ እህቴ፣ ባለቤትሽ ስለ ገንዳው የተናገረው እውነት ነው። አንቺም ሽጉጡን መፍራትሽ ልክ ነው። ልጅሽ ሁለቱም ቤት ሊሄድ ይችላል፤ ሁለቱም ቤት ላይሄድም ይችላል። ዋናው ጥያቄ ሽጉጡ እንዴት ተቀመጠ፣ ገንዳው እንዴት ታጠረ የሚለው ነው።

ከገንዳው ልጀምር፤ ሰው የሚዘናጋው በእሱ ነውና። ሽጉጥ ሲባል ሁላችንም ክው እንላለን። ገንዳ ሲባል የሚታየን ሳቅና ጨዋታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ዙሪያ ወደ 300,000 የሚጠጉ ሰዎች ውሃ ውስጥ ሰጥመው ሞተዋል። ይህ ወንዙንም ኩሬውንም ይጨምራል። ከአራቱ አንዱ ዕድሜው ከአምስት ዓመት በታች ነው። የቤት ገንዳ በበዛበት በአሜሪካ ደግሞ ከአንድ እስከ አራት ዓመት ያሉ ልጆችን ከምንም በላይ የሚገድለው መስጠም ነው።

እዚያው አገር ከአንድ እስከ 19 ዓመት ያሉትን አንድ ላይ ስታያቸው ግን ነገሩ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ቀዳሚው ገዳይ የጦር መሣሪያ ነው። ከዚህ ውስጥ በስህተት የተተኮሰው ጥቂቱ ነው፤ አብዛኛው ጎረምሶችና ልጃገረዶች ላይ የደረሰ ግድያና ራስን ማጥፋት ነው። ስለዚህ ዕድሜ ይለያል። ለሕፃን ውሃው ይቀርባል፤ ልጁ ከፍ እያለ ሲሄድ መሣሪያው ይብሳል። ልጅሽ አሁን አምስት ዓመቱ ነው። እኔ ብሆን ዛሬውኑ የምሮጠው ወደዚያ የቅዳሜ ቤት ነው።

ለዓመታት በሕፃናት ድንገተኛ ክፍል በነርስነት ሠርቻለሁ። ከውሃ ወጥተው የሚመጡልን ትንንሽ ልጆች ብዙዎቹ የዋና ልብስ አልለበሱም። ጫማቸውን እንዳደረጉ፣ ሹራባቸውን እንደለበሱ ነው የሚመጡት። ሊዋኙ አልሄዱም ነበር። ኳስ ሊያነሱ ሄደው ነው። ወይም የጓሮው በር ክፍት ሆኖ አግኝተውት ነው። ወላጆች ደጋግመው የሚሉት «ድምፅ አልሰማንም» ነው። አዎ፣ አይሰማም። የሚሰጥም ልጅ አይጮህም፤ እጁንም አያውለበልብም። አፉ ከውሃው በላይ ብቅ ጥልቅ ይላል። ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ይዘነበላል። ክንዶቹ ውሃውን ወደ ታች ይገፋሉ። ከሩቅ ለሚያየው የሚጫወት ይመስላል። አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ወደ ታች ይወርዳል።

እና ቅዳሜ ራስሽ ሂጂና አጥሩን እዪው። አጥሩ በአራቱም በኩል መሆን አለበት። ብዙ ቤት ሦስቱን ጎን ያጥሩና አራተኛውን ለቤቱ ግድግዳ ይተዉታል። ይህ አጥር አይባልም፤ ልጁ ከሳሎን በር ወጥቶ ቀጥታ ውሃው ላይ ይደርሳል። ቁመቱ ቢያንስ 1.2 ሜትር ይሁን። የአጥሩን በር ትንሽ ከፈት አድርገሽ ልቀቂው። ራሱ ተመልሶ ካልተዘጋና ካልተቀረቀረ በሩ አይሠራም ማለት ነው። መቀርቀሪያው ልጅ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ ይሁን። አጥሩ ሥር ወንበር ካለ ልጆች ይወጡበታል። ውሃው ላይ አሻንጉሊት ተንሳፍፎ ከቀረም ልጅ ይጠራል፤ አስነሺው።

ከዚያ «ማን ነው የሚያያቸው?» ብለሽ ጠይቂ። «ሁላችንም እዚህ ነን» ካሉሽ ማንም አያያቸውም ማለት ነው። አንድ በስም የታወቀ አዋቂ ያስፈልጋል። ስልኩን አስቀምጦ ውሃውን ብቻ የሚያይ። ዋና ለማይችል ልጅ ደግሞ አዋቂው እጁን ዘርግቶ በሚይዘው ርቀት ላይ፣ ውሃው ውስጥ አብሮት መሆን አለበት። አጥሩ ካልተሟላ አንቺ አብረሽው ካልተቀመጥሽ በቀር ልጁ እዚያ አይሄድም። ጓደኛው እናንተ ቤት ይምጣ።

አሁን ወደ ሽጉጡ። ሰውየው ቤት ደውለሽ ሦስት ነገር ትጠይቂያለሽ። ተቆልፎበታል ወይ? ጥይቱ ወጥቷል ወይ? ጥይቱስ ለብቻው ሌላ ቦታ ተቆልፎበታል ወይ? ሦስቱም አዎ ከሆነ፣ ቁልፉም ልጆች እጅ የማይገባ ከሆነ፣ እኔ ልጄን እልከዋለሁ። «ልጆቹ የት እንዳለ አያውቁም» የሚል መልስ ግን አልቀበልም። ልጅ ቤቱን ከእኛ በላይ ያውቀዋል። ፍራሽ ሥር፣ ኮሞዲኖ ውስጥ፣ ቁምሳጥን ላይ፣ ሁሉንም በርብሮ ጨርሷል።

«ልጄን እንዳይነካ አስተምሬዋለሁ» ማለትም አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት አለ። ከ8 እስከ 12 ዓመት ያሉ ወንዶች ልጆች ሁለት ሦስት ሆነው አንድ ክፍል ውስጥ እንዲቆዩ ተደረገ። መሳቢያ ውስጥ ጥይት የሌለው እውነተኛ ሽጉጥ ነበር። ሽጉጡን ካገኙት ቡድኖች ከአራቱ ሦስቱ አንስተው ነካኩት። ግማሽ ያህሎቹ ቡድኖች ውስጥ ቃታው ተሳበ። ከነዚህ ልጆች አብዛኞቹ ስለ መሣሪያ ጥንቃቄ የተማሩ ነበሩ። ማስተማሩን አትተይው። «ካየህ አትንካ፣ ውጣ፣ ለትልቅ ሰው ንገር» በይው። መቆለፍ ግን የአዋቂው ሥራ ነው።

ስለ ሀፍረቱ ደግሞ፣ ልጅሽ አስም ቢኖርበት ደውለሽ ትናገሪ ነበር። ይህም እንደዚያው ነው። ልጁ በር ላይ ቆሞ ሳይሆን አንድ ሁለት ቀን ቀደም ብለሽ ደውዪ። ከራስሽ ቤት ጀምሪ። «እኛ ቤት ውሻ አለን፣ ልጆች ሲመጡ እናስረዋለን። እናንተስ ጋ ማወቅ ያለብኝ ነገር አለ? መሣሪያ ካለ ተቆልፎበታል? ገንዳ ወይ የውሃ በርሜል አለ? ለሚጋብዘን ሁሉ ነው የምጠይቀው» በይ። የመጨረሻዋን አረፍተ ነገር አትርሻት፤ ብዙ ቅሬታ የምትከላከለው እሷ ናት። ከዚህ በኋላም የሚቀየም ሰው ካለ ይቀየም። ቅያሜ በይቅርታ ይሽራል።

ጥያቄ፦ እኔ አያት ነኝ። ምራቴ የልጅ ልጆቼን ከማምጣቷ በፊት «አባባ፣ ሽጉጡ የት ነው የሚቀመጠው?» አለችኝ። ቅር ብሎኛል። ዕድሜዬን ሙሉ መሣሪያ ይዣለሁ። ቁምሳጥን ላይ፣ ልብስ ሥር ነው የማኖረው። ልጆቹ ሲመጡ ካርታውን፣ ማለትም የጥይት መያዣውን፣ አወጣለታለሁ። ሌሊት ሌባ ቢመጣ ግን ቅርቤ መሆን አለበት። ደፈረችኝ ማለት አይደለም?

መልስ፦ አባቴ፣ አልደፈረችዎትም። ልጆቿን እርስዎ ቤት ልታሳድር ፈልጋ ነው የጠየቀችዎት። ባታምንዎት ሰበብ ፈጥራ ትቀር ነበር።

ካርታውን አወጣለሁ ያሉት አሳስቦኛል። እርስዎም እንደሚያውቁት ካርታው ቢወጣም ሽጉጡ አስቀድሞ የጎረሰው ጥይት ውስጡ ይቀራል። ብዙ ልጅ የተጎዳው «ባዶ ነው» በተባለ መሣሪያ ነው። ቁምሳጥኑም ቢሆን አንድ ወንበር ነው የሚፈልገው። የሌሊቱ ሐሳብዎ ይገባኛል። በጣት አሻራ ወይም በቁጥር የሚከፈት ትንሽ የብረት ሣጥን አለ፤ አልጋዎ አጠገብ ሊያስሩት ይችላሉ። እርስዎ በቶሎ ይከፍቱታል፣ ልጅ አይከፍተውም። የልጅ ልጆችዎ በሚመጡበት ጊዜ ግን ጥይቱን አውጥተው ለየብቻ ይቆልፉባቸው። ከመሃላቸው ጎረምሳ ካለ ደግሞ ቁጥሩን ፈጽሞ አይንገሩት። በዚያ ዕድሜ ልብ የሚሰብር ሐዘን በድንገት ይመጣል፤ መሣሪያ እጅ ላይ ካልተገኘ ያ ክፉ ሰዓት ያልፋል። ከዚያ ምራትዎን ይጥሯትና ሣጥኑን ያሳዩአት።

ጥያቄ፦ የሰባት ዓመት ልጄ ዋና ተምራለች። ክንዷ ላይ የሚታሰር ፊኛም አለን። ዘመዶቻችን ገንዳ አላቸው። ብቻዋን ብልካት ችግር አለው?

መልስ፦ ማስተማርሽ ትልቅ ነገር ነው፤ ጠባቂን ግን አይተካም። የክንድ ፊኛው መጫወቻ ነው፤ ይተነፍሳል፣ ይወልቃል። በልኳ የተሠራ ላይፍ ጃኬት ግዢላት። ፀጉሯ ረጅም ከሆነ እሰሪው፤ ውሃ ወደሚስበው ቀዳዳም እንዳትጠጋ ንገሪያት። ለዘመዶችሽም ሁለት ነገር ተናገሪ። ልጅ ከዓይን ከጠፋ ከየትኛውም ክፍል በፊት ገንዳውን ይዩ። ከውሃ የወጣ ልጅ ካልተነፈሰ ደግሞ ደረቱን መጫን ብቻ ሳይሆን በአፉ ትንፋሽ መስጠትም ያስፈልጋል። ይህን የሠለጠነ አዋቂ ቤት ውስጥ ካለ፣ ውሃውንም የሚያይ ሰው ከተመደበ፣ ትሂድ።